ደራሲውና ደንበኞቹ



በዚህ አምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ወር አስቤዛ በየጊዜው ተወያይተናል። ዛሬ ደግሞ ኑሮ ሲከብድ ከአስቤዛው ዝርዝር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚሰረዝ አንድ ነገር፣ ይኸውም ስለ መጽሐፍ፣ እንዲሁም ዕድሜውን በድርሰት ስላሳለፈና መጽሐፍ እየሸጠ ከሰው ጋር ስለሚገናኝ አንድ ታላቅ ያገራችን ሰው ላጫውታችሁ አስቤያለሁ። ነገሩን የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ታክሲ ተራ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግታ መጽሐፍ የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችኝ። መስከረም ለመጽሐፍ ነጋዴ የመኸር ወራት መሆኑን ታውቃላችሁ። እርስዋ ደግሞ ልክ በመስከረም መግቢያ ወለደች። አራስ ቤት ተኝታ ገበያው ሲያመልጣት እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የዓመት ዕረፍቴ ላይ ስለነበርኩ «ሁለት ሳምንት እኔ እቀመጥልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ ገንፎሽን ብዪ» ብያት ጠረጴዛውን ተረከብኩ።

መጽሐፍ መሸጥ ሽንኩርት እንደ መሸጥ አይደለም። ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አይቶ፣ ዳስሶ፣ ተከራክሮ ይሄዳል። መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ግን ሳያስበው ስለ ራሱ አንድ ነገር ነግሯችሁ ይሄዳል። አንዲት እናት ለሦስተኛ ክፍል ልጅዋ መማሪያ መጽሐፍ ገዝታ፣ መልሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ፣ ዓይንዋ አንድ ልብ ወለድ ላይ አረፈ። አነሣችው፣ ሁለት ገጽ አነበበች፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ በቀስታም መልሳ አስቀመጠችው። «ለሚመጣው ወር» አለችኝ። የሚመጣው ወር ሲመጣ ሌላ ነገር እንደሚመጣ እኔም እርስዋም እናውቅ ነበር።

ሰማያዊ ቱታ የለበሰ አንድ ሠራተኛ ደግሞ በየማታው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ቆሞ ያነባል። በአራተኛው ቀን ነው ያንኑ መጽሐፍ ትናንት ካቆመበት ገጽ እየቀጠለ መሆኑ የገባኝ። ገጹን አያጥፍም፣ እጁንም ጠርጎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ዝም አልኩት። ደመወዝ የተቀበለ ዕለት መጥቶ ያንን መጽሐፍ ገዛ። «እንዴ፣ ልትጨርሰው ሁለት ምዕራፍ አይደል የቀረህ?» ብለው፣ «ለእኔ አይደለም፣ እቱ። በየማታው ለባለቤቴ ሳወራላት ከራስህ የፈጠርከው ነው እያለች አላምን ብላኛለች። ራሷ ታንብበው» አለኝ። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ምን አለ? ነገር ግን ደራሲው ይህን አልሰማም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት መጥተው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ ጤዛ የሚባለው መጽሐፍ አለሽ ወይ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ጤዛ እኮ ፊልም ነው፣ መጽሐፍ አይደለም።»

«ፊልሙንማ ልጄ አሳይታኛለች። ቶሎ ቶሎ እያለ አለፈብኝ እንጂ። መቼም ሳይጻፍ አልቀረም ብዬ ነው። እንዲያ ያለ ነገር ሳይጻፍ ይነገራል?»

ወንድ ልጃቸው አገር ጥሎ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነው፣ በስልክ ድምፁን ቢሰሙም ፊቱን ካዩ ብዙ ጊዜ መሆኑን ነገሩኝ። «በፊልሙ ውስጥ ያለችውን እናት አውቃታለሁ» አሉ፤ «ልጅዋ እንዲያ ሆኖ ሲመጣባት ያየችውን አውቃለሁ። ቀስ ብዬ ላነበው ፈልጌ ነበር።»

እኔስ ምን አልኩ? «ፊልም ሠሪዎች የሠሩት ነው፣ እማማ፣ መጽሐፍ የለውም» ብዬ መዝገበ ቃላት ወደሚጠይቀኝ ወጣት ዞርኩ። ቀና ስል ሴትዮዋ ሄደዋል። ነጠላቸውን ከታክሲው ሰልፍ ውስጥ ለአፍታ አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም።

በዚያ ሌሊት ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እውነታቸውን ነበር። ሳይጻፍ አይነገርም። እንጀራ የሚበላ ሰው ስለ ሊጡ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ ፊልም የምናይ ሰዎችም ስለ ድርሰቱ አንጠይቅም። ተዋናዩን እናውቃለን፤ ሙዚቃውን እናንጎራጉራለን። ነገር ግን ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ምን ብሎ እንደሚናገር፣ የት ላይ ዝም እንደሚል፣ ሰዓቱ ጧት ይሁን ማታ፣ ከደጅ የሚሰማው የዝናብ ይሁን የልጆች ድምፅ፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ጽሑፉ ካልቦካ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

«ጤዛ»ን የጻፉት፣ ያዘጋጁትም ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢጣልያ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን ሲያገኝ፣ ለምርጥ የፊልም ድርሰት የሚሰጠውን ሽልማትም አብሮ ወስዷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በተከታዩ ዓመት፣ በ2009፣ ቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ በሚደረገው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ እኒያ እናት በታክሲ ተራ ቆመው ያስተዋሉትን ነገር የቬኒስ ዳኞችም አስተውለውታል ማለት ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ ተዋንያን ይዘው በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር፤ ልጅየውም በአባታቸው ቡድን ውስጥ ሆነው ተጫውተዋል። በ1967 ለቴአትር ትምህርት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቺካጎ ከተማ ሄዱ። በኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፊልም አስተምረዋል።

ይህ አምድ የቤተሰብ አምድ ነውና፣ በድርሰቶቻቸው ውስጥ ካሉት ሰዎች እናቶቹን ብቻ ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያዋ ዶሮቲ ናት። ኃይሌ ቺካጎ ሳሉ አንዲት ጥቁር ሴት በክረምት ብርድ ከቤትዋ ስትባረር አዩ። ያ ያዩት ነገር ከልባቸው አልወጣ ብሎ «ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልም ሆነ። በተማሪነታቸው ጊዜ በ1975 የሠሩት ነው። ዶሮቲ ነፍሰ ጡር ናት፤ ባልዋ ባልሠራው ወንጀል ታስሯል፤ ሴት ልጅዋን ይዛ በመንግሥት ድጎማ ትኖራለች። የድጎማው ሠራተኞች ጽንሱን አስወርጂ እያሉ ያስጨንቋታል። ፎርም ይዛ ከመስኮት ወደ መስኮት ስትመላለስ ያያት እናት ሁሉ፣ አገሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ ቢሆንም፣ ወረፋውን ያውቀዋል።

ሁለተኛዋ ኑኑ ናት። በ1993 በወጣው «ሳንኮፋ» በተባለው ፊልም ውስጥ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰደች አፍሪካዊት እናት ናት። ልጅዋ ጆ የተወለደው በግፍ ነው፤ ያሳደገው ቄስ ደግሞ እናቱን እንዲጸየፍ አድርጎ ቀርጾታል። እናት ልጅዋን ከፊቷ እያየችው ታጣዋለች፤ በመጨረሻም ሕይወትዋ የሚያልፈው በዚሁ ልጅ እጅ ነው። ልጅ ከእናቱ ቋንቋና ታሪክ ሲለይ የሚመጣውን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ብዙ አላየሁም።

ሦስተኛዋ የ«ጤዛ»ዋ እናት ናቸው። ልጃቸው አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ ብዙ መከራ አሳልፎ፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ደብድበውት አንድ እግሩን አጥቶ በ1990 ገደማ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናትየው ግን የጎደለውን እግር ሳይሆን የመጣውን ልጅ ይቀበላሉ። በዚያ ዘመን የመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ተደብቀው ይውላሉ። ሰው ሁሉ ያገለላትን አዛኑ የምትባል ሴትም ያስጠጉት እኒሁ እናት ናቸው። ያች ደንበኛዬ «አውቃታለሁ» ያሉት ይህችን እናት ነበር።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ስሞክር ነበር ያሳፈረኝን ነገር ያገኘሁት። «ፊልም ሠሪዎች የሠሩት ነው፣ መጽሐፍ የለውም» ያልኩላቸው ሰው ለካ ራሳቸው መጽሐፍ ሻጭ ናቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ከቀረበ በኋላ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። ፊልሙ ጥሩ አይደለም ተብሎ አይደለም፤ ስለ ባርነት በባሪያዎቹ ዓይን የተጻፈ ታሪክ ገበያ የለውም ተብሎ ነው። ኃይሌና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሺሪኪያና አይና፣ እርሳቸውም ፊልም አዘጋጅ ናቸው፣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት በራሳቸው ገንዘብ እየተከራዩ፣ ማኅበራትንና አብያተ ክርስቲያናትን እያስተባበሩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ፊልሙን አሳዩ። ሰዉ ለሰዉ እየነገረ ሰልፉ ረዘመ። ገበያ የለውም የተባለው ፊልም ለሳምንታት አዳራሽ ሞላ።

ከዚያ ካገኙት ገንዘብ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በዋሽንግተን፣ በጆርጂያ ጎዳና፣ ልክ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍት፣ የፊልምና የቡና ቤት ከፈቱ። ሳንኮፋ በጋና ሕዝብ በአካን ቋንቋ «ተመልሰህ ውሰድ» እንደ ማለት ነው፤ ምልክቱም ወደፊት እየሄደች አንገትዋን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ናት። እኛም በበኩላችን «የኋላው ከሌለ የለም የፊቱ» እንል የለም? በመደብሩ የሚሸጡት መጻሕፍት በአፍሪካና ከአፍሪካ በወጡ ሕዝቦች የተጻፉ ወይም ስለ እነርሱ የሚናገሩ ናቸው። ደራስያን መጽሐፋቸውን ያነቡበታል፤ ፊልም ታይቶ ይመከርበታል፤ ሕፃናት ተረት ይሰሙበታል።

ይህን ለምን እንደምነግራችሁ ልግለጽ። አብዛኛው ደራሲ ሥራውን አስረክቦ ይለያል። መጽሐፉ በማን እጅ እንደ ገባ፣ ማን እንዳለቀሰበት፣ ማን ለሚስቱ እንዳወራው አያውቅም። በመሐል አሳታሚ፣ አከፋፋይ፣ ቸርቻሪ አለ፤ እያንዳንዱም ከገንዘቡም ከፍቅሩም ድርሻውን ይወስዳል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን ያንን መንገድ አሳጠሩት። የጻፈው ሰው ከሚሸጥበት ቤት ጣሪያ ሥር አለ። ተማሪው ለፈተናው የሚሆን መጽሐፍ ሊገዛ ይገባል፤ እናት ልጅዋን አስከትላ ትመጣለች፤ ከአገሩ የራቀ ሐበሻ ቡና ሊጠጣ ጎራ ይላል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ደራሲ ስለ ማን እንደሚጽፍ አይረሳም። እኔም በሁለት ሳምንት የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ጠረጴዛ ማለት ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰዎች የሚገናኙበት ነው።

ደንበኛም በበኩሉ ውለታ ከፋይ ነው። በ2019 በዚያ አካባቢ የቤትና የመሬት ዋጋ ንሮ የመደብሩ የንብረት ግብር ከአቅም በላይ በሆነ ጊዜ፣ ደንበኞቹ «ይህ ቤት እንዳይዘጋብን» ብለው ለከተማው ምክር ቤት ድምፃቸውን አሰሙ። ምክር ቤቱም የግብር እፎይታ ፈቀደ። መጽሐፍ የገዙበት ቤት የራሳቸው ስለ መሰላቸው ነው። ፊልሙም ቢሆን ጊዜውን ጠብቆ መጣ፤ «ሳንኮፋ» በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ለመታየት በቃ። ከመጀመሪያ ዝግጅቱ ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ዘመን ፊልሙን በሕይወት ያቆየው ማስታወቂያ አልነበረም፤ የተከራዩት ሲኒማ ቤት፣ የመደብሩ መደርደሪያና ሰው ለሰው የተናገረው ቃል ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የወይዘሮ ሺሪኪያናን ድርሻ አቅልለን እንዳናይ አደራ እላለሁ። «ሳንኮፋ» ሲሠራ ከባለቤታቸው ጋር አብረው ያቋቋሙትና የደከሙበት እርሳቸው ናቸው፤ የመደብሩም መሥራች ናቸው። ልጆችም እዚያው አድገዋል፤ ልጃቸው መራዊ ገሪማ በ2020 «ሬዚዱ» የተባለውን የራሱን ፊልም ጽፎ አዘጋጅቷል። ልጅ የሚማረው ከምንመክረው ይልቅ ስንሠራ ካየው ነው የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ? ዋሽንግተን ሩቅ ነው። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፊልም ወይም ድራማ ከልጆቻችን ጋር ስናይ ሲያልቅ ቶሎ አንነሣ። «ማን ጻፈው?» ብለን ስሙን አብረን እናንብብ። ልጁ ታሪክ ከሰማይ እንደማይወርድ፣ አንድ ሰው መሽቶ እስኪነጋ ተቀምጦ እንደሚጽፈው ይወቅ። ነገ እርሱም ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ይደፍራል።

ሁለተኛ፣ ከወር ደመወዛችን ላይ ለአንዲት መጽሐፍ የሚሆን ገንዘብ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ከአስቤዛው ቀድመን እናስቀምጥ። አዲስ መግዛት ባንችል ያገለገለውን እንግዛ፤ ሦስት አራት እናቶች ተሰባስበን እንደ ዕቁብ በየተራ ገዝተን መዋዋስ እንችላለን። ሲገዛም ገንዘቡን ልጁ ይስጥ፣ መጽሐፉን ልጁ ይቀበል። ያ ልብ ወለዱን መልሳ ያስቀመጠችው እናት «ለሚመጣው ወር» ያለችው ወር እንዲመጣላት እንዲህ ያለ ዘዴ ያስፈልጋታል። እናት ለልጅዋ ብቻ ሳይሆን ለራስዋም ማንበብ ይገባታልና።

ሦስተኛ፣ በዚያ ከተማ እህት፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ ጥቂት አይደላችሁም። በስልክ ስትነጋገሩ «እዚያ መደብር ሄደህ ታውቃለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ አገር የተወለዱ የልጅ ልጆቻችሁን አንድ ቅዳሜ ይዘዋቸው ይሂዱ። የኑኑን ታሪክ ያያችሁ ሰዎች ምክንያቱን መንገር አያስፈልጋችሁም።

ጎረቤቴ ከአራስ ቤት ስትወጣ ሒሳቡን አስረከብኳት፤ የሸጥኩትን ስነግራት ደስ አላት። ያልሸጥኩትን ግን ለማንም ሳልነግር እስከ ዛሬ ቆየሁ። አንዲት እናት ልጃቸውን የሚያስታውሱበት ታሪክ ፍለጋ መጥተው፣ «የለም» ብዬ ባዶ እጃቸውን ሰድጃቸዋለሁ። ቢያንስ የጻፈውን ሰው ስም ልነግራቸው፣ ቁጭ አድርጌ ላጫውታቸው እችል ነበር። አለማወቄን ከመጠየቅ ይልቅ በመልስ ሸፈንኩት።

ይህች ጋዜጣ ምናልባት በአንዱ ቤት በሴት ልጃቸው እጅ ገብታ ትነበብላቸው ይሆናል። ከሆነ፣ እማማ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እውነትዎን ነበር፤ ተጽፏል። የጻፉት ሰው ኃይሌ ገሪማ ይባላሉ፤ የጎንደር ልጅ ናቸው፤ እናታቸውን ጥለው ርቀው የሄዱ ልጆችን ታሪክ የሚያውቁት ራሳቸውም ርቀው ስለሄዱ ነው። ልጅዎም በደኅና ይግባልዎ።